«ጠግባለች» ያልኩበት ጠዋት

በዚያ ቀን በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የነበሩትን አስቀድሜ ልጥራ። የፖሊስ አዛዡ ኮማንደር ማርቆስ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ነበር። በቀኛቸው የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ታምራት ነበሩ፤ ምክር ቤቱን አሳምነው የኤሌክትሪክ መኪናዋን ለፖሊስ ያስገዙት እሳቸው ናቸው። በግራቸው ኮንስታብል ዘነበች ቃለ ጉባኤ ትይዝ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ከሰሜን መጥተው ስንቱን ሲያስተምሩ ደጋችን ላይ ያረጁ፣ አሁን በምክር ቤቱ የሕዝብ ተወካይ የሆኑ መምህር። ከኋላ የጣቢያው ፖሊሶች ነበሩ፤ ከእነሱ ኮንስታብል ብርሃኑን ብቻ ለይቼ እጠራለሁ፣ መኪናዋ ስትቆም ከውስጧ ነበርና። ሾፌሩ ሳጅን ሻንካ ብቻቸውን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከበሩ አጠገብ ደግሞ እኔ።

በዚያ አዳራሽ ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ እውነት ነበር። በደሌም እሱው ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናገር እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ፤ መዝለሌን ግን አንድም ጊዜ ሳላውቀው ቀርቼ አላውቅም። አንተ የምታነበው የመጀመሪያው ሰሚ ነህ።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ደጋው እየተጠማዘዘ በሚወጣው መንገድ ላይ ካሉት አንዷ ናት። ያኔ ነዳጅ ጠፍቶ የፖሊሱ አሮጌ ፒካፕ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ካለው ማደያ ተሰልፎ ይውል ነበር። ሰው ሌባ ይዞ ጣቢያ ሲመጣ «ፖሊስ ሰልፍ ላይ ነው፣ ሌባውን ቤትህ አቆየው» እየተባለ ይቀለድ ነበር። አቶ ታምራት በዚያ ጊዜ ነው መኪናዋን ያስገዙት። መጀመሪያ አንዷ ትሞከር፣ ከተሳካ ሌሎች ይጨመሩ ተባለ።

መኪናዋ ስትመጣ መመሪያዋም ስክሪኗም በቻይንኛ ነበር። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ስልክና ቴሌቪዥን የምጠግንበት ትንሽ ክፍል ነበረኝ። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ አልተማርኩም፤ የማውቀውን ያወቅኩት እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው። የስልኬን ካሜራ ስክሪኑ ላይ እየደገንኩ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ለየኋቸው። ኮማንደሩ ይህን ሲያዩ በኮንትራት ቀጠሩኝ፤ ሥራዬ መኪናዋን ቻርጅ ማድረግና ስክሪኑን ማንበብ ሆነ። ጣቢያው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። ግማሹ በፌዝ ነበር፤ እኔ ግን ፌዙን ትቼ ስሙን ወሰድኩት።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፣ ያለዚህ በደሌ አይገባም። ስክሪኑ ላይ ለማንም የሚነበብ አንድ ትልቅ ቁጥር አለ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀራት የሚናገር። ይህ ቁጥር ግምት ነው። መኪናዋ አሁን በሄደችበት መንገድ ልክ ይገምታል። ቁልቁለት ስትወርድ ጎማው ራሱ ትንሽ ኃይል ስለሚመልስላት ቁጥሩ ያብጣል፤ ዳገት ሲገጥማት እንደ ጤዛ ይጠፋል። እውነተኛው የባትሪ መጠን ያለው በሌላ ገጽ ላይ ነው፣ ከሦስት የቻይንኛ ምልክቶች ጀርባ። ያን ገጽ መክፈት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሳጅን ሻንካ ማሳየት እችል ነበር። ለምን አላሳየሁም? ጊዜ አጣሁ እንዳልል በየጠዋቱ እንገናኝ ነበር። ካሳየኋቸው ማን «ኢንጂነር» ይለኛል?

ሳጅን ሻንካ አሮጌውን ፒካፕ የነዱ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በጭቃና በጉም ወደ አርባ ምንጭ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አዲሷን መኪና መጀመሪያ አልወደዷትም። «ድምፅ የሌላት በቅሎ ከኋላ መጥታ ትረግጥሃለች» እያሉ ያስቁን ነበር። እቤታቸው የሚናገሩት ጋሞኛ ነው፣ እንደኔው። አማርኛቸውን የተማሩት በማሠልጠኛና በመንገድ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። መኪናዋን ግን አንድም ቀን ወንድ አድርገዋት አያውቁም። በየጠዋቱ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይመጡና፣

«ኢንጂነር፣ ጠግባለች?» ይሉኛል።

«ጠግባለች፣ ጋሽ ሻንካ» እላለሁ።

ሞልታለች ማለት ነው። ቃሉን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ የተቀበልኩት ደግሞ እኔ። በመካከላችን ከሰላምታ አይለይም ነበር፤ ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ይህን አስምሬ እጽፈዋለሁ፤ ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

መስቀል ሲቃረብ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው መኪናዋን ሊያዩ ሆነ። ከሴቻ፣ ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ የሚያመጧቸው ሳጅን ሻንካ፣ የሚመጡትም በመኪናዋ በራሷ። በጉዞው ዋዜማ ኮማንደሩ ጠሩኝና፣ «እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ሶኬቷ እንዳይነካ። እኔ ሳልል እንዳትነቅል» አሉኝ።

መስቀል በእኛ አገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማይፈጭ ቤት የለም። የወፍጮ ቤቱ ሰልፍ መንገዱን ተሻግሮ የጣቢያውን አጥር ደርሷል። ወፍጮውና መኪናዋ ግን የሚጠጡት ከአንድ መስመር ነው። መኪናዋ ስትሰካ መብራቱ ኃይል ያንሰውና የወፍጮው ሞተር እያጉረመረመ አልነሳ ይላል። ጎረቤታችን እማማ ታደለች ከሰልፉ ወጥተው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

«አንተ ዘሪሁን! ይቺ መኪናችሁ መስቀልን ከእኛ ጋር ልታከብር ነው እንዴ፣ መብራቱን ሁሉ ጠጥታ የጨረሰችው?»

«ነገ እንግዳ ታመጣለች፣ እማማ። ኮማንደሩ እንዳትነቀል ብለዋል።»

«እንግዳውስ ሲመጣ ምን ልናበላው ነው? ገመድ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እናቴም ከሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ የገብስ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም ሳቅኩ፤ ነቀልኩም። ወፍጮው ተነሳ፣ ሴቶቹ መረቁኝ። ያን ጊዜ ጥሩ ሰው ነበርኩ።

ወፍጮው እስኪመሽ ፈጨ። ስሰካት ጨልሞ ነበር፤ ሌሊቱን ደግሞ እንደ ልማዱ የከተማው መብራት ጠፋ። ጠዋት ገጹን ስከፍት አርባ ሦስት ከመቶ ይላል። ወርዳ፣ ሴቻና ሲቀላ ዞራ፣ እንግዶች ጭና ያን ዳገት ለመውጣት አይበቃም። አስልቼዋለሁ። የማይበቃ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

ሳጅን ሻንካ መጡ። የደንብ ልብሳቸው ተተኩሷል። ኮማንደሩ ከጎናቸው ቆመዋል።

«ኢንጂነር፣ ጠግባለች?»

ኮማንደሩን አየሁ። ሳጅን ሻንካን አየሁ። «ትናንት ነቅያት ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር፤ ቢበዛ ኮማንደሩ ይቆጡኛል፣ ጉዞው ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምን ይመጣ ነበር? ምንም።

«ጠግባለች፣ ጋሽ ሻንካ» አልኩ።

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። ረፋዱ ላይ ሳጅን ሻንካ ከሴቻ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው የልጅ ሆኗል። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ጉደኛ ናት! ከዚያ ስነሳ ከነበረው ቁጥሩ ጨምሯል። ቁልቁለቱ ላይ ሳር ስትግጥ ነው የወረደችው መሰለኝ!» ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ወደዷት። ቁጥሩ ያበጠው በቁልቁለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። «ጋሽ ሻንካ፣ አይመኑት፤ እዚያው አንድ ሆቴል ለምነው ይስኳት» ማለት ነበረብኝ። «ጥሩ ነው፤ መልካም መንገድ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው ልል እችላለሁ። ሁለተኛውን ምን ልበለው?

የቀረውን ከብርሃኑ ነው የሰማሁት። ዳገቱን አጋምሰው ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ስክሪኑ ላይ የኤሊ ምልክት በራ። ሳጅን ሻንካ «ኤሊዋ ደግሞ ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ፤ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ አውቃለሁ፤ «ኃይሌ አልቋል፣ ቀስ በል» ማለት ነው። ስልክ ሞከሩ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ቆመች። ዝናብ ጀመረ። እንግዶቹ ወርደው ከዛፍ ሥር ቆሙ። በመጨረሻ ለበዓል ገበያ ሙዝና ጨው ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ በገመድ አስሮ ጎተታቸው።

ወደ ከተማ ሲገቡ ገበያው ሙሉ ነበር። የፖሊስ መኪና በገመድ ታስራ ስትጎተት ያዩ ልጆች ከኋላ እየሮጡ፣ «ፖሊስ ታሰረ! ፖሊስ ታሰረ!» አሉ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሳጅን ሻንካ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ብቻ ያዩ ነበር። በሱቄ በር ሲያልፉ ወደ ውስጥ ገባሁ። የሚጠገን ነገር ፈልጌ አልነበረም።

በዓሉ ሳይገባ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ምን እንደሆነ በመንግሥት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ ሌላውን ይሄሳል፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ከላይ የጠራኋቸው ሰዎች በተባለው ቦታ ተቀመጡ።

«ሳጅን» አሉ ኮማንደሩ፣ «ባትሪው መሙላቱን አረጋግጠህ ነው የወጣኸው?»

«አዎ፣ ኮማንደር። ልጁን ጠይቄዋለሁ። ጠግባለች አለኝ።»

ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። አቶ ታምራት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ።

«ምን አለህ? ጠግባለች? ሳጅን፣ መንግሥት የገዛልህ መኪና ነው ወይስ በሬ?»

«በሬማ ቢሆን ጠግባለች አይልም፣ ጠግቧል ነው የሚለው» አለ ከኋላ ሌላው፣ አነጋገራቸውን አስመስሎ። አዳራሹ ተንጫጫ።

ኮማንደሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና ወደኔ ዞሩ። «ዘሪሁን፣ ተነስ። ባትሪው ሞልቷል ብለህ ነግረኸዋል?»

ተነሳሁ። ቃል በቃል የተናገርኩትን እጽፋለሁ፣ ስንት ጊዜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁና።

«ሞልቷል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፣ ኮማንደር። ባትሪ የሚለካው በመቶኛ ነው። ጠግባለች የሚባል ልኬት የለም።»

እውነት ነው። ሞልቷል አላልኩም። ባትሪም በመቶኛ ነው የሚለካው። ከዚህ የጠራ ውሸት እኔ አላውቅም። እናቴ በሬዋንም፣ ማሰሮዋንም፣ ወንዙንም «ጠግቧል» የምትል ሴት ናት፤ እኔም በዚያ ቋንቋ ነው ያደግኩት። ከመጽሐፍ የለቃቀምኩትን አማርኛ ለብሼ ከሚስቁት ጋር ቆምኩ። ሰዎቹ ለመሳቅ የኔን ፈቃድ ይጠብቁ እንደነበር ያወቅኩት አሁን ነው። የጋሞ ልጅ የሆንኩት እኔ ቃሉን ስጥለው ሳቁ ነጻ ወጣ።

ጋሽ ደምሴ ብቻ እጃቸውን አነሱ። «ቆዩ እስቲ። በእኛም አገር በቅሎ ጠገበች ይባላል፤ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ልጁን በደንብ ጠይቁት፤ ጠግባለች ብሏል ወይስ አላለም?»

ሦስተኛው ዕድሌ ይህ ነበር። ማንም እስኪጠይቀኝ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ ቆሜ ነበር እኮ። ኮማንደሩ «ጋሽ ደምሴ፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ሳጅን ከመጀመሪያውም ይቺን መኪና ሲያጥላላ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን» አሉ። እኔ ተቀመጥኩ።

ሳጅን ሻንካ ግለ ሂሳቸውን ለማድረግ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደኔ አላዩም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ቋንቋውን ሳላውቅ ነዳሁ።»

ዘነበች ጻፈችው። ኮማንደሩ የመኪናዋን ቋንቋ ማለታቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ እንዳልገባኝ ሆኜ ግን ጫማዬን አየሁ።

«አዲሱን አሠራር ያልተቀበለ» ተብለው ከሾፌርነት ተነሱ፤ ቆላ ወዳለ ሩቅ ኬላ ተዛወሩ። ባለቤታቸው አልማዝ ከልጆቹ ጋር ደጋ ቀረች። መኪናዋስ? ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ስለተባለ መኪናዋ ነጻ ወጣች፤ ወረዳው ሌሎች ጨመረ። አዲሱ ሾፌር ሲመጣ ያን ገጽ እንዴት እንደሚከፍት አሳየሁት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

ከዓመታት በኋላ ዕቃ ለመግዛት ሲቀላ ወርጄ ሳለሁ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ በጋሪ ሲጭኑ ሳጅን ሻንካን አገኘኋቸው። ፖሊስነቱን ትተው በአልማዝ ወንድም ማሳ ላይ ይሠራሉ። ፀጉራቸው ነጥቷል። በጋሞኛ ሰላም አሉኝ፤ የተባባልነውን ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው።

«በግምገማው ቀን መነቀሏን አውቅ ነበር» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «መጀመሪያ አላወቅኩም፤ ከመንገድ ስገባ አልማዝ ነገረችኝ። እሷም ከሰልፉ ውስጥ ነበረች።»

«ታዲያ ግምገማው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ማን ነቀለ ይባላል፤ አንተ ትጠራለህ። ለምን ነቀልክ ይባላል፤ ሴቶቹ ይጠራሉ። ለመስቀል ገብስ የፈጩ ሴቶች ፖሊስ ጣቢያ ይሰለፉ? አንተ ትናገራለህ ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

የሙዙን ዘለላ አስተካክለው ጋሪው ላይ አስቀመጡ።

«ዋሽተህ አልከፋኝም» አሉ። «ሰው ይፈራል፤ እኔም ጎረምሳ ሆኜ ፈርቻለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት እኔና አንተ የምንባባለውን ወስደህ ለሳቅ ሰጠሃቸው። ከዚያ ወዲህ እኮ ሰው ፊት አማርኛ ስናገር ቃሉን ሁለት ጊዜ እያየሁ ነው።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ዘንድሮ ሙዙ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። «ደህና ነው» አሉና ጋሪውን ገፉ። ከኋላ ልግፋላቸው? አልገፋሁም። ቆሜ አየኋቸው።

በእኛ ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የተሠራ በደል በሰው ፊት ካልተነገረ ከሠራው ሰው አይለቅም፣ ከቤቱም አይወጣም ይባላል። ልጅ ሆኜ የአሮጌዎች ወሬ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ከእኔ እንዲለቅ አይደለም። የተዋረዱት በሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ እኔም በሰው ፊት መናገር አለብኝ። ፈርቼ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ለሴቶቹ አዝኜ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። እውነትን እንዴት አድርጌ እንደምጠቀምበት ግን አይታችኋል፤ ስለዚህ አትቀበሉኝ። ይቅርታ የሚያደርጉትም ሳጅን ሻንካ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ይህ ታትሞ ሲወጣ ይዤው ወደ ኩልፎ እወርዳለሁ፤ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

አሁን በዚያ አዳራሽ የነበራችሁትን እጠይቃለሁ። የሳትኩት ካለ አርሙኝ። ብርሃኑ፣ ከዛፉ ሥር ሳላችሁ ሳጅን ሻንካ ስሜን አንስተው የተናገሩት ነገር ካለ፣ እኔን ለማትረፍ ብለህ ያልነገርከኝ ካለ፣ ጻፈው። ዘነበች፣ ሳጅን ሻንካ ግለ ሂሳቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ፣ በጋሞኛ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ማለታቸውን አይቻለሁ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ድምፁ አልተሰማኝም። አንቺ ቅርብ ነበርሽ። ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ፊት ለፊቴ ነበሩ። ከሁሉ በላይ እርስዎን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳለ ሁሉን አስታውሳለሁ። አዳራሹ ሲስቅ የእኔ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ግን አላስታውስም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ጋሽ ደምሴ፣ አይዘኑልኝ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። እኔም ስቄ ነበር?